ከፍታው የትርጉም አካል ነው፦ ስለ ርቢ ቁጥሮች አጻጻፍና አነባበብ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ የሂሳብና የሳይንስ ጽሑፎች ዝግጅት ርቢን ማስፈር ብዙውን ጊዜ የመልክ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል፤ ቁጥሩ ከመስመሩ ከፍ ማለቱና አንሶ መታየቱ ብቻ ይበቃል ይባላል። ይህ አመለካከት ግን ለስህተት በር ይከፍታል። 10² መቶ ነው፤ ከፍታው ሲጠፋ የሚቀረው 102 መቶ ሁለት ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች በመሆናቸው ስህተቱን የፊደል አራሚ ፕሮግራም አይይዘውም፤ አንባቢም በቀላሉ አይጠረጥረውም።

እንደ ማይክሮሶፍት ወርድ ባሉ ፕሮግራሞች በተለይ ሁለት መንገዶች የተለመዱ ናቸው። አንደኛው ተራውን 2 መርጦ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የእኩል ይሆናል ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ከፍ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ከፍታው የቁጥሩ ልብስ እንጂ አካሉ አይደለም፤ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ አልባ ፋይል ሲገለበጥ ልብሱ ይወልቃል። ሁለተኛው በዩኒኮድ የራሱ ኮድ ያለውን ² መጠቀም ነው። ይህ ሲገለበጥ አይጠፋም፤ ነገር ግን ኤንኤፍኬሲ የተባለው የዩኒኮድ ማስተካከያ ሥርዓት ወደ ተራ 2 ይመልሰዋል። ኮርፐሱን በዚህ ሥርዓት የሚያጠራ ተመራማሪ 10²ን በገዛ እጁ 102 ያደርገዋል ማለት ነው።

አደጋው የሂሳብ ሰዎች ብቻ አይደለም። “ቋ” በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከተነባቢው ቀጥላ ከፍ ብላ የምትቀመጠው የከንፈራዊነት ምልክት በዚያው ሥርዓት ተራ ፊደል ትሆናለች፤ አንድ የነበረው ድምፅም ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። አምስት ደረጃ ቃናዎች ባሉት በቤንችኛም የቃናው ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር ከተመለከተ የሚጠብቀው ዕጣ ያው ነው።

አነባበቡ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። “ኔጌቲቭ ሦስት ፓወር ሁለት” ሲባል (−3)² ይሁን −3² አይለይም፤ የመጀመሪያው ውጤት 9፣ የሁለተኛው −9 ነው። “ርቢ” በሚለው ቃል ሲነበብ ግን “የኔጌቲቭ ሦስት ዳግም ርቢ” የመጀመሪያውን፣ “ኔጌቲቭ የሦስት ዳግም ርቢ” ሁለተኛውን ያመለክታል። የቅንፉን ሥራ የሚሠራው የ“የ” ቦታ ነው። ስለዚህ “ርቢ” የሚመረጠው አገርኛ ቃል በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ የሚጠይቀው አገባብ የስሌቱን ወሰን ስለሚያሳይ ነው።

የግእዝ አኃዝም ዝምድናን በከፍታ አይገልጽም። ፼ መቶ ጊዜ መቶ፣ ማለትም 100² ነው፤ ፻፼ 100³፣ ፼፼ ደግሞ 100⁴ ነው። ትርጉሙን የሚሸከሙት ምልክቶቹና ቅደም ተከተላቸው ስለሆኑ ጽሑፉ ቢገለበጥም ዋጋው አይለወጥም። ሥርዓቱ ለማንኛውም መሠረት እንደማያገለግል ግልጽ ነው፤ ሆኖም ዝምድና በመስመሩ ላይ ሊጻፍ እንደሚችል ያሳያል።

ከዚህ የሚከተለው የአሠራር ልዩነት ነው። ለኅትመት ከፍ ያለው ቁጥር ተገቢ ነው፤ ለንባብም ለዓይንም ይቀላል። ለማኅደርና ለኮርፐስ ግን 10^2፣ (−3)^2 እያሉ ዝምድናውን በምልክት ማስፈር ይገባል። የ^ ምልክት ገጹን አያሳምርም፤ የቁጥሩን ዋጋ ግን ይጠብቃል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚመረጥ ከሆነ ደግሞ መቅደም ያለበት ዋጋው ነው።