ከኮሎኖስኮፒ በኋላ ስለሚሰጠው የአመጋገብ ምክር

ከወፍራም አንጀት ምርመራ (ኮሎኖስኮፒ) በኋላ ለታካሚ የሚሰጠው የአመጋገብ ምክር ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ጽሑፍ የተወሰደ ነው፤ ነጭ ቶስት፣ ጄላቲን፣ የተፈጨ ፖም ይዘረዝራል። መሠረተ ሐሳቡ አያከራክርም፤ በአየር የተነፋው አንጀት እስኪረጋጋ ለስላሳና ፋይበር ያነሰው ምግብ ይስማማል። ይሁንና ዝርዝሩ የታካሚውን ማዕድ አያውቅም።

ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦና ዙሪያዋ ያለው የራያ ቆላ የማሽላ አገር ነው። ለዚህ ታካሚ በደንብ ከተነፋ ዱቄት የተሠራ ቀጭን አጥሚት፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም እንቁላል ይበቃዋል። ቆሎ፣ ባቄላና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለማግሥቱ ይቆዩ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከወሰደ ጠላና አረቄ ለ24 ሰዓት ይከልከል። አንጀት ማጽጃው ያሟጠጠው ፈሳሽ በቆላ ሙቀት ይበልጥ ስለሚያሳስብ ውኃና ኦ.አር.ኤስ. ይቅደሙ። ጾመኛ ከሆነም ቀጠሮው አስቀድሞ ከእርሱ ጋር ይመከርበት።

የከፋው ጉድለት ግን የቅደም ተከተል ነው። ናሙና ወይም ፖሊፕ ያልተወሰደለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ወደ መደበኛ ምግቡ ይመለሳል። ፖሊፕ የተቆረጠለት ግን ከሳምንት በኋላም ሊደማ ይችላል። ወረቀቱ ስለ ምግብ ብቻ ሲናገር፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ሲነሣ ቤተሰቡ «ምግቡ አልተስማማውም» ብሎ ይጠብቃል፤ አንጀቱ የተበሳ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ብርቱ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከትና ብዙ ደም በወረቀቱ ራስ ላይ ይጻፉ፤ የሚኬድበት ሆስፒታልም አብሮ ይጠቀስ። ምግቡ ከዚያ ይከተል።