ዜማና ትርጉም፤ በእንግሊዝኛ የሕፃናት መዝሙሮች ላይ የቀረበ ሂስ

ማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ በይዘቱና በቅርጹ ይመዘናል። ለትምህርት የተዘጋጀ መዝሙር ግን ሦስተኛ መመዘኛ አለው፤ ይኸውም ዜማው ካበቃ በኋላ በተማሪው ዘንድ የሚቀረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ዛሬ በኢንተርኔት እየተሠራጩ በእጅ ስልክና በሚሞሪ ካርድ ከከተማ ወደ ገጠር የሚዘልቁት የእንግሊዝኛ የሕፃናት መዝሙሮች በዚህ ሚዛን ሊታዩ ይገባል። ጉዳዩ ከመዝናኛ ያለፈ ነውና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለሆነም በስማዳ ወረዳ፣ በወገዳ ከተማ ዙሪያ የሚማር የገበሬ ልጅ በቤቱም ሆነ በገበያው የማይሰማውን ቋንቋ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቃል እያጠራቀመ መሄድ ይኖርበታል። ያጠራቀመው ካልበቃው ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ከእንግሊዝኛው ጋር ባዮሎጂውና ፊዚክሱም ይጎድልበታል።

የአፍ መፍቻ ያልሆነን ቋንቋ በዜማ ማጥናት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ጋይንት የጥንታዊው የዜማ ትምህርት ዐቢይ ማዕከል ናት። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን የታወቁ ናቸው። ከሩቅ አገር አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣው ተማሪ ማንም በአፍ መፍቻነት የማይናገረውን ግእዝ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በዜማ ያጠናል። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ማዜምና ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከዜማ ቤት ሌላ ቅኔ ቤትን፣ ከቅኔ ቤትም ሌላ የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትን ማቆማቸው ለዚህ ማስረጃ ነው። በቅኔ ቤት ግስ ሲወርድ የግእዙ ቃል ብቻውን አይነገርም። «ቀደሰ» ካለ «አመሰገነ»፣ «ገብረ» ካለ «ሠራ» ይከተለዋል። ድምፁና ፍችው እንደ ጥማድ በሬ አብረው ይሄዳሉ።

ከውጭ የሚመጡት መዝሙሮች በዚህ ነባር ሚዛን ሲመዘኑ ጥንካሬያቸውም ድክመታቸውም ጎልቶ ይታያል። በመጀመሪያ የሚነሣው የደቡብ ኮሪያው ፒንክፎንግ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩቲዩብ ያሠራጨው «ቤቢ ሻርክ» ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2020 በዩቲዩብ ከሁሉ በላይ የታየ ቪዲዮ ሆነ፤ በ2022 ደግሞ ከ10 ቢሊዮን ጊዜ በላይ በመታየት የመጀመሪያው ለመሆን በቃ። ዜማው በቀላሉ በአእምሮ የሚቀር መሆኑ አያከራክርም። ይዘቱ ግን ጥቂት የቤተሰብ መጠሪያዎችን በብዙ ትርጉም የለሽ ድምፆች መካከል የበተነ ነው። ከዚህም በላይ እናትም፣ አባትም፣ አያቶችም በሥዕሉ ላይ ዓሣ ናቸው። እንግሊዝኛው ለሴት አያትና ለወንድ አያት የተለያየ ቃል ሲኖረው አማርኛው ሁለቱንም «አያት» ይላል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሕፃን ይህን ልዩነት ከሁለት ዓሦች ሥዕል ይረዳዋል ማለት ዘበት ነው። አስተማሪው ቆም ብሎ የሕፃኑን የራሱን ሴት አያትና ወንድ አያት ካላስታወሰው በስተቀር የሚቀረው ዜማው ብቻ ይሆናል።

የአካል ክፍሎችን እየነኩ የሚዘመረው «ሄድ፣ ሾልደርስ» የተሰኘው መዝሙር ከዚህ ይሻላል። ሕፃኑ ቃሉን ሲያወጣ እጁ ነገሩን ስለሚዳስስ ድምፅና ፍች ይገናኛሉ። የአማርኛው «ጣት» ለእጅም ለእግርም የሚያገለግል ሲሆን እንግሊዝኛው የእግርን ጣት ለብቻው እንደሚጠራ ሕፃኑ ጎንበስ ብሎ ሲነካው ይገባዋል። ሆኖም መዝሙሩ ዝግ ቅርጽ አለው። የቃላቱ ተራ ስለማይለወጥ ሕፃኑ የሚያውቀው ቃሉን ይሁን ወይስ ተራውን መለየት ያስቸግራል። መምህሩ ዜማውን አቁሞ ከመካከል አንዱን ቃል ብቻ ሲጠራ የብዙ ልጆች እጅ በአየር ላይ የሚቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። ፈተናው ያለው ተራውን በማፍረስ ላይ ነው።

በቅርጽ ረገድ ከሁሉ የላቀው የእርሻ እንስሳትን የሚዘረዝረው «ኦልድ ማክዶናልድ» ነው። አሳማውና ዳክዬው ለስማዳ ግቢ ባዕድ ቢሆኑም መዝሙሩ ክፍት ቦታ አለው። አንዱ እንስሳ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ዜማው አይናጋም። በአሳማው ፋንታ ፍየል፣ በዳክዬው ፋንታ አህያና በቅሎ መግባት ይችላሉ።

ምትም ሌላው ሊመረመር የሚገባው ነጥብ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሕፃን በሁለት ተነባቢ የሚጀምር የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥመው «እ»ን በማስቀደም «እስኩል»፣ «እስቱደንት» ይላል። በዚህም በቃሉ ላይ አንድ ምት ይጨመራል። አሜሪካዊቷ ካሮሊን ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው «ጃዝ ቻንትስ» በተባለ መጽሐፏ የቋንቋውን የንግግር ምት ያለ ዜማ ማለማመድ እንደሚቻል አሳይታለች። በጭብጨባ የሚታጀብ ዝግ ያለ መዝሙር ሕፃኑ ከምቱ ሲወጣ ስሕተቱን በገዛ ጆሮው እንዲሰማ ያደርገዋል። የሙዚቃ መሣሪያ ጋጋታና የሥዕል ሩጫ የበዛበት ቪዲዮ ግን ይህንኑ ምት ይውጠዋል።

ቪዲዮ ተማሪን አይጠብቅም። ይህ ድክመት በአገራችን ከዚህ ቀደም ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት አማካይነት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት የተነቀፈው በዋነኛነት በፍጥነቱና መምህሩን ተመልካች በማድረጉ ነበር። አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናትን በስልክ ፊት አስቀምጦ መዝሙር መክፈት ያንኑ ስሕተት በታናናሾቹ ላይ መድገም ይሆናል።

የአገር ውስጥ የፈጠራ ኃይል ለዚህ ብቁ ስለመሆኑ ምሳሌ አለ። የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 በመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በቀጭኔዋ አሻንጉሊት አማካይነት ሕፃናትን በሚያውቁት ቋንቋና አካባቢ አስተምሯል፤ አዘጋጇም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስን ሽልማት አግኝታለች። ለእንግሊዝኛ ቃላትም ይህንኑ መንገድ መከተል ይቻላል።

ቅርጹን ከውጭ መዋስ እንኳ አያስፈልግም። በቡሄ ዕለት ልጆች ከደጅ ደጅ የሚጨፍሩት ሆያ ሆዬ አቀንቃኝና ተቀባይ አለው። አቀንቃኙ እንደ ቤቱና እንደ ባለቤቱ ሁኔታ ግጥሙን ይለዋውጣል፤ ተቀባዩ በአንድ አዝማች ይጸናል። ይህ ክፍት ቅርጽ ነው። አቀንቃኙ በሬውን፣ ገብሱን፣ ማረሻውን በአማርኛ ሲጠራ ተቀባዮቹ በእንግሊዝኛ ቢመልሱለት የቅኔ ቤቱ ግስና የቡሄው ጭፈራ በአንድ የመማሪያ ክፍል ይገናኛሉ። ለዚህ ኢንተርኔትም ሆነ መብራት አያሻም፤ ያለው ግን ከስልኩ የሰማውን መልካም ዜማ ሊጠቀምበት ይችላል።

ይህን ማድረግ የመምህራን፣ የከያንያንና የባህል ሠራተኞች የጋራ ኃላፊነት ነው። ገጣሚው ቃሉን መርጦ፣ ሙዚቀኛው ምቱን አስተካክሎ፣ መምህሩም ፍችውን ፈትኖ የሚያቀርቡት መዝሙር ለወገዳው ሕፃን ቃሉን ከነፍችው ያስጨብጠዋል። ዜማ ቤትን ከትርጓሜ ቤት የለየ አገር ልጆቹን በዜማ ቤት ብቻ ሊያስቀራቸው አይገባም።