ውኃ የሚሸኙ ጄሪካኖች

በክረምት የሰው ጓሮ ስገባ ቅጠሉን ከማየቴ በፊት ጎንበስ ብዬ የዕቃውን መቀመጫ አያለሁ። በአቃቂ ቃሊቲ ሐምሌና ነሐሴ የማጠጣቱን ሥራ ከበቂ በላይ ይሠሩታል፤ የአትክልተኛው ጥበብ ውኃውን በማሰናበቱ ላይ ነው።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንዲት እናት ጓሮ ያየሁት ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጄሪካን በጎኑ ተጋድሟል፤ የላይኛው ፊቱ ተቆርጦ ወጥቷል። በጋለ ሚስማር መብሳቱን ማንም ያውቅበታል። ነገር ግን የቀለጠው ፕላስቲክ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ከንፈር ሠርቶ ይደርቃል፣ ከንፈሩም ወደ ውስጥ ከቀረ ውኃ ያቁራል። እሳቸው በምላጭ ገፈው ከወለሉ ጋር እኩል አድርገውታል። ጄሪካኑ ወደ ቀዳዳዎቹ በኩል ትንሽ አዘንብሎ በሁለት ስባሪ ብሎኬት ላይ ስለተቀመጠም ጭቃ አይደፍነውም። ደግሞ የምግብ ዘይት ጄሪካን መሆኑ! ፋብሪካ በበዛበት ሰፈር ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ሳይጠይቁ መትከል ሞኝነት ነው። የአቃቂን ወንዝ ትተው በዕቃ መትከላቸውም ለዚሁ ነው፤ በወንዙ በሚጠጡ ማሳዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል።

አፈሩን በጣቴ ፈተሽኩት። የአካባቢው መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ሲረጥብ ደግሞ አብጦ ይዘጋና ውኃ አላሳልፍም ይላል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች እንዲህ ያለውን አፈር መደቡን በእጃቸው ከፍ አድርገው፣ በመሐሉ ቦይ እያወጡ ገርተውታል። ጄሪካን ውስጥ ቦይ ማውጣት ስለማይቻል የሚለወጠው አፈሩ ራሱ ነው፦ ብዙ ብስባሽ፣ ጥቂት መረሬ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር ተዋህዷል እንጂ ከሥር አልተነጠፈም። ብዙ ሰው ያነጥፈዋል፣ ያጠነፍፍልኛል ብሎ። ውኃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው የላይኛው አፈር ጠግቦ ሲተርፈው ነው፤ እስከዚያ ሥሩ ረግረግ ውስጥ ይቆማል።

ከላይ አፈሩ መሐሉ ጉብ ብሎ እስከ አፉ ሞልቷል፤ በበጋ ለውኃ የሚተወው ሁለት ጣት ክፍተት ለክረምት ኩሬ ነው። ጉብታው ላይ ጭድ ተነስንሷል። የዝናብ ጠብታ አፈር ረጭቶ በሽታ ወደ ቅጠል እንዳያወጣ ነው፤ ቆስጣው የታጠበ ይመስል ነበር። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ጠፈጠፍም አንዱንም ዕቃ አያገኘውም፤ ሁሉም ከመሥመሩ አንድ ክንድ ርቀዋል።

አንዱ ጎመን ታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሴትየዋ ዕቃውን አንስተው በእጃቸው መዘኑት። ቢከብድ ውኃ ቋጥሯል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ይጠረጋል። ቀለል ካለ ዝናቡ ናይትሮጅኑን አጥቦ ወስዶታል፣ ትንሽ ብስባሽ ይጨመራል። ቀለል አለ፤ አንድ እፍኝ ጨመሩ።

ቲማቲም ለብቻው በረንዳው ላይ ከጣሪያ ሥር ቆሟል። ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያረግፈው በሽታ እርጥብ ቅጠልና ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፤ የክረምቱ አቃቂ ሁለቱንም ይሰጠዋል። እኔ ብሆን እስከ መስከረም ከገበያ እገዛ ነበር። እሳቸው ግን የታችኞቹን ቅጠሎች እየለቀሙ፣ ከግድግዳው አርቀው፣ ንፋስ እንዲያገኘው አድርገው ይዘውታል።