መቀስ የያዘ ሕመምተኛ

በጠና የታመመ ሰው አልጋ ዙሪያ ስንሰበሰብ አንድ ክፉ ልማድ አለን። ምን ይቅመስ፣ በየት ጎኑ ይተኛ፣ ማን ገብቶ ይጠይቀው፣ ሁሉንም እኛው እንወስንለታለን። እሱ «እግዜር ይማርህ» ሲባል «አሜን» ከማለት በቀር ሥራ የለውም።

ለዚህም ይመስለኛል፣ መዳን ለማይችሉ ሕመምተኞች ቀለምና ወረቀት ይቅረብ ሲባል «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብለን የምናጣጥለው። እኔ አልስማማም። ምክንያቴን በሄንሪ ማቲስ ሥራ ላስረዳ።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ በ1941 (እ.ኤ.አ.) በካንሰር ምክንያት ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ ወዲህ ሸራ ፊት ረጅም ሰዓት መቆም አቃተው። ረዳቶቹ ወረቀት ቀለም ይቀቡለታል፤ እሱ አልጋው ወይም ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በመቀስ ይቆርጣል፤ እነሱ እሱ ባለው ቦታ ግድግዳው ላይ ይሰኩታል። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1952፣ ለመመገቢያ ክፍሉ «የመዋኛ ገንዳ»ን ሠራ። ሰማያዊ ዋናተኞች ግድግዳውን ይዞሩታል። እኔ እዚያ ላይ የማየው እሮሮ ሳይሆን ውሳኔ ነው፤ ይህ ይቆረጥ፣ ያ ይነሳ፣ እዚህ ባዶ ይተው።

«እሱማ ሊቅ ነው!» ትሉኝ ይሆናል። ቁም ነገሩ ሊቅነቱ አይደለም። ቀይ ወይስ ሰማያዊ ብሎ መምረጥ ሰውን ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ከታማሚነት ወደ ባለሙያነት ይመልሰዋል። ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 ለንደን ውስጥ የሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት ያስተማረችው፣ ሕመም የሥጋ ብቻ ሳይሆን የመንፈስም የቤተሰብም መሆኑን ነው።

ነገር ግን ቡሩሽ የሞርፊን ምትክ አይደለም። ሥቃዩ ያልታገሠለትን ሰው «ሳል» ማለት ጭካኔ ነው። «ደክሞኛል፣ ይቅርብኝ» ካለም መብቱ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ የሰባ ዓመት ሽማግሌ የሠሩትን እንደ ሕፃን ሥራ «ውይ፣ ሲያምር!» ብሎ ማለፍ ነው። ሥራ ከሆነ እንደ ሥራ እንየው፤ ለምን ይህን ቀለም እንደመረጡ እንጠይቃቸው።

እኛ ዘንድ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚታመመው ቤቱ ነው። ስለዚህ ስቱዲዮ አያስፈልግም። እንዝርቱና ጥጡ፣ የስፌቱ አለላ፣ የጥልፉ ክር ከቤት አለ። የሚያስፈልገው «እማማ፣ የትኛው ቀለም ይሁን?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም አፍን ዘግቶ መልሱን መጠበቅ ነው።