«ላኩ» የተባለችው ከተማ

ኤቭሊን ዎ (ስሙ የሴት ይምሰል እንጂ ሰውዬው ወንድ ነው) በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ከጻፉት እንግሊዛውያን እንደ እርሱ በአገራችን ነገር የተያዘ አላውቅም። በጥቅምት 1923 ለዘውድ በዓል መጣ፤ በ1927 መጨረሻ ጦርነቱ ሲያንዣብብ ለዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ተልኮ ተመለሰ፤ በ1928 ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ሳለች ሦስተኛ መጣ። ከዚሁ ምልልስ ሁለት ልብ ወለድና ሁለት የጉዞ መጽሐፍ አወጣ።

ብዙዎቻችን «ሰድቦናል» ብለን ዘግተነዋል። እኔ ግን ወዳጆቼ፣ «ብላክ ሚስቺፍ»ን (በፈረንጅ 1932) ሳነብ ስቄአለሁ። ኦክስፎርድ የተማረው ንጉሥ ሴት አገሩን በአንድ ጀምበር ላሠልጥን ብሎ ለወታደሩ ጫማ ያድላል። ወታደሩ ቀቅሎ ይበላዋል! አማካሪው ባዝል ሲል የለየለት ዱርዬ፣ የእንግሊዙ መልእክተኛም ጅል ስለሆነ ፌዙ ለሁሉም ይዳረሳል። መጨረሻ ላይ የሰው ሥጋ ድግስ ሲያመጣ ግን አላሳቀኝም። እዚያ ላይ ደራሲው ማየቱን ትቶ ፈረንጅ ስለ አፍሪካ ሲያወራው የኖረውን ተረት ነው ያነሳው።

«ስኩፕ» ይበልጣል። ስለ አበባና ስለ ወፍ የሚጽፍ ምስኪን በስም ስሕተት የጦር ዘጋቢ ሆኖ እስማኤልያ ወደምትባል አገር ይላካል። ባልደረቦቹ ጋዜጠኞች ላኩ ወደምትባል ከተማ ተንጋግተው ይሄዳሉ። ላኩ ግን የለችም። ካርታ ሠሪ «ይህ ቦታ ማን ይባላል?» ብሎ ጠይቆ፣ ባላገሩ «አላውቅም» ሲለው፣ መልሱን የከተማ ስም አድርጎ ጻፈው። ሳያውቁ ስለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ቀልድ አላነበብኩም።

ታዲያ ዎ ራሱስ? እኔ የምኖረው ፉሪ ነው። አንድ ቅዳሜ «ሪሞት ፒፕል»ን (1931) ይዤ ከተማውን አቋርጬ፣ በእንጦጦ ወጥቼ፣ በሱሉልታ አድርጌ ደብረ ሊባኖስ ወረድኩ። እሱም በ1923 እዚያው ሄዶ ነበር። ዛሬ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወዲህ የተሠራ ቢሆንም ቅዳሴው ያው ነው፤ መጋረጃውም ያው። ካቶሊክ ከሆነ ገና ጥቂት ሳምንቱ የነበረው ዎ ግዕዝ አይሰማም፤ ከመጋረጃው ወዲያ የሚሆነውንም አላየም። ከዚህ ተነሥቶ ነው እንግዲህ፣ የሮማው ሥርዓት ግልጽና ብሩህ፣ የኛው የተሸፈነና የጨለመ ነው ብሎ የደመደመው። ካርታ ሠሪው ከዚህ ምን ለየው?

በልብ ወለዱ ፌዙ ራሱንም ስለሚነካ ይታረማል። በዘገባው ግን የሚያርመው የለም። «ዎ ኢን አቢሲንያ» (1936) ላይ ግራዚያኒን አግኝቶ በበጎ ዓይን ይጽፍለታል፤ ጣሊያን የሚሠራውን መንገድም የሥልጣኔ ጉዞ አድርጎ ያወድሳል።

በግንቦት 1929 በዚሁ ግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። «ስኩፕ» የታተመው ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው።