ሁሉን የሚያዝ ሪሞት

በአገራችን ዲሽ በተተከለበት ቤት አንዱ ሪሞት ለቴሌቪዥኑ፣ ሌላው ለሪሲቨሩ ነው። አንዱ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር የሚደርስልን ዩኒቨርሳል ሪሞት ነው። ይህን ትንሽ ዕቃ ከልቤ አደንቀዋለሁ።

አምራቾች መሣሪያዎቻቸውን የሚያዙት በየራሳቸው ኮድ ነው፤ ዩኒቨርሳል ሪሞቱ የብዙዎቹን ኮድ አጥንቶ ይመጣል። ማስተካከሉም ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሪሞቱን ወደ እሱ ማነጣጠር፣ «ሴት» የሚለውን ቁልፍ መብራቱ እስኪበራ መጫን፣ ከዚያ ከመመሪያው ወረቀት ላይ ኮዱን ማስገባት። ወረቀቱ ከሌለ ብዙዎቹ ሪሞቶች ኮዶቹን ተራ በተራ ይሞክራሉ፤ የድምፅ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ወዲያው ማቆም ነው። ሪሞቱ የሚልከው ብርሃን በዓይን አይታይም፤ በስልክ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ ይታያል፣ መሥራቱም በዚያ ይፈተናል።

ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ያቀረበው «ኮር» የተባለ ዩኒቨርሳል ሪሞት ከሌሎች ሪሞቶች ትዕዛዝ የሚማር ነበር። የዛሬው ርካሽ ዘመዱ ደግሞ ሪሞቱ ስለጠፋ ብቻ ደህና ቴሌቪዥን እንዳይጣል ያደርጋል። ለቆጣቢ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ውለታ ነው።