ጽናት እንደ አሠራር፦ የኃይሌ ገሪማ ሲኒማና የመጠበቅ ዋጋ

ስለ ጥበብ ሰው ጽናት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው ጠባዩ ነው፤ ታጋሽ ነበር፣ እጅ አልሰጠም ይባላል። የኃይሌ ገሪማ ፊልሞች ግን ዓይናችንን ከጠባይ ወደ አሠራር እንድንመልስ ያስገድዱናል። ገንዘብ ሲጠፋ፣ አከፋፋይ ፊቱን ሲያዞር፣ ዓመታት ሲነጉዱ ሥራው ራሱ ምን መልክ ያዘ? እጦቱና ጥበቃው በፊልሞቹ ቅርጽ ውስጥ ገብተዋል፤ የተከፈለበት ዋጋም አብሮ ሊቆጠር ይገባል።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ፣ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ፣ ተውኔት እየጻፉ ከአገር አገር እየዞሩ ያሳዩ ነበር፤ ልጅየውም በዚያው መድረክ ላይ አድጓል። ተመልካች ወዳለበት መሄድን ከካሜራ በፊት ያወቀው ከአባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ቺካጎ ተሻግሮ ትያትር ተማረ፤ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ፊልም አጠና።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 እ.ኤ.አ.፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ተቀረጸ። እንዲህ የተጣደፈ ቀረጻ የተጣደፈ ፊልም ያወጣል ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም። የሆነው ተቃራኒው ነው። ባለርስቱ ደጃፉ ላይ ወንበሩን አስወጥቶ ተቀምጦ ይሳደባል፣ ያዛል፤ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። ካሜራው ርቆ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። ትእዛዙ አፍታ ነው፣ ልፋቱ ግን አያልቅም፤ የሥርዓቱን ግፍ ተመልካቹ የሚረዳው በዚህ የጊዜ ልዩነት ነው። መሬቱን የተነጠቀው ከበበ ብቻውን እያወራ ሲያልፍም ካሜራው አይቸኩልም። ዳይሬክተሩ ያጣውን ጊዜ ለገበሬው ሰጥቶታል።

ስለ ጥቁሮች ባርነት የሚተርከው ፊልሙ «ሳንኮፋ» በ1993 እ.ኤ.አ. በበርሊን ፌስቲቫል ቢወዳደርም፣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አላገኘም። ኃይሌና ባለቤቱ፣ የፊልም ባለሙያዋ ሺሪኪያና አይና፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ የጥቁር ማኅበረሰብ ድርጅቶችን እያስተባበሩ ፊልሙን ራሳቸው ከከተማ ከተማ አሳዩ። በኋላም በዋሽንግተን፣ እሱ ለአሥርት ዓመታት ባስተማረበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ሳንኮፋ የተባለ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። የአባትየው ተዘዋዋሪ መድረክ በሌላ አህጉር ሥራውን ቀጠለ።

ቀጣዩ ልብ ወለድ ፊልሙ «ጤዛ» ከሐሳብ እስከ ፍጻሜ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል፤ የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ የጀርመኑ ቀረጻ ገንዘብ እስኪገኝ መቆየት ነበረበት። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል፤ ያለፈው ዘመን ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ እየተቆራረጠ ይመጣበታል። ይህ ቅርጽ የአንድ ትውልድ የተሰበረ ትዝታ ነው፤ ፊልሙ ራሱ የተሠራበትን የተቆራረጠ ጊዜም ይመስላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አገኘ።

ሽልማቱ ግን ሒሳቡን አይዘጋም። በ«ሳንኮፋ» እና በ«ጤዛ» መካከል 15 ዓመት አለ። በዚህ መሀል እንደ «አድዋ» ያሉ ዘጋቢ ፊልሞች ቢሠራም፣ ሌላ ትልቅ ልብ ወለድ ፊልም አልወጣም። ጽናቱን ስናደንቅ በጥበቃው ምክንያት ሳይሠራ የቀረውን ከዘነጋን፣ እጦቱን ራሱን በጎ ነገር ልናደርገው ነው። ኃይሌ የጸናው እጦት ስለጠቀመው አይደለም፤ ማሳያውን፣ ማከፋፈያውንና ማስተማሪያውን በገዛ እጁ ስላቆመ ነው።

ኃይሌ ከተወለደበት ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሰሜን ተራሮች እስካለው ቡይት ራስ ድረስ ባለው አገር ታሪኩን በፊልም መንገር ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የሚተርፈው ትምህርት «ታገሥ» የሚል ምክር ብቻ መሆን የለበትም። በትምህርት ቤት አዳራሽም ሆነ በገበያ ቀን ፊልም የሚታይበት ቦታ፣ ካሜራ በጋራ የሚያዝበት ማኅበር፣ የመጀመሪያ ሥራውን ተቀምጦ የሚያይለትና የሚሄስለት ሰው ያስፈልገዋል። እነዚህን ሳናቆም ጽናትን ከወጣቱ ብቻ የምንጠብቅ ከሆነ፣ የእኛን ዕዳ በእሱ ትከሻ ላይ መጫናችን ነው።